ሄልዱር ስለ እናቱ የተናገረው

ማስታወቂያው ሐሙስ ጠዋት በኅብረት እርሻው ሱቅ በር ላይ ተለጠፈ። አልቪኔ ግን አላየችውም፤ በዚያ ሰዓት ሁልጊዜ የላሞቹ በረት ውስጥ ናት። ወሬውን ያመጣችላት አብራት የምታልበው ኤልፍሪዴ ነበረች። ባልዲዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ከበሩ ጀምራ ተጣራች።

«አልቪኔ! ደስ ይበልሽ! ልጅሽ ሰባኪ ሆኖልሻል።»

«ምን?»

«ሄልዱር ነዋ! ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ክበቡ ውስጥ ይናገራል። ‹ሃይማኖት የሕፃናት መርዝ› ይላል ርእሱ። የእናንተ ሰዎች እሁድ እሁድ እግዚአብሔር አለ ይሉናል፣ ያንቺው ልጅ ደግሞ ቅዳሜ መጥቶ የለም ሊለን ነው። እኛ የቱን እንመን?»

ሌሎቹ አላቢዎች ሳቁ። አልቪኔ ግንባሯን ላሟ ጎን ላይ አስደግፋ ማለቧን ቀጠለች። ሄልዱርን ካየችው ሦስት ዓመት አልፏል። በዓመት አንዴ ይልክላት የነበረው ፖስታ ካርድ እንኳ መምጣቱን ካቆመ ሰነባብቷል። መጀመሪያ ልቧ ውስጥ የገባው ነገር ስለ ንግግሩ አልነበረም። ቤት ያስቀመጠችው የታጠነ ዓሣ አልቆባት ነበር፤ እስከ ቅዳሜ ከማን እንደምትለምን ነው ያሰበችው።

ሂዩማ ትንሽ የኢስቶኒያ ደሴት ናት፤ የአልቪኔን ታሪክ የማያውቅ ሰው በመንደሩ አልነበረም። ባሏ ዩሃን በባፕቲስቶቹ ጸሎት ቤት ወንጌል የሚያነብ ገበሬ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃበት ዓመት መኸር ላይ፣ ሩስያውያን ኢስቶኒያን መልሰው ከያዙ በኋላ፣ ድንች ሲቆፍር መጥተው ከማሳው ወሰዱት። አብረው የተወሰዱት አዛውንቱ ፕሪዱ ከስምንት ዓመት በኋላ ከሳይቤሪያ ጥርሳቸው ረግፎ ተመለሱ። ዩሃን ግን እዚያው ቀረ።

ሄልዱር ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር። ትምህርት ቤት ውስጥ ስሙን የሚጠራው ጠፋ፤ «የእስረኛው ልጅ» ነበር የሚሉት። ስም ሲጠራ የመጨረሻ፣ ሽልማት ሲሰጥ የተዘለለ፣ ጥፋት ሲፈለግ የመጀመሪያው እሱ ነበር። አሥራ ስምንት ሲሞላው ሻንጣውን አዘጋጅቶ እናቱ ፊት ቆመ። «እማ፣ እኔ እንደ አባዬ አልሞትም» አላት። ሌላ ምንም አላለም። ባሕሩን ተሻግሮ ተማረ፤ የፓርቲው ወጣቶች ውስጥ ገባ፤ ሃፕሳሉ ከተማ ተቀምጦ በየመንደሩ እየዞረ በሃይማኖት ላይ የሚናገር ሰው ሆነ። ማግባቱንም ልጅ መውለዱንም አልቪኔ የሰማችው ከሰው ነው።

ቅዳሜ ዕለት ቤቷን ጠራርጋ፣ ድንች ቀቅላ፣ ከጎረቤት የለመነችውን ዓሣ በሰሃን ከድና፣ የአጃ ዳቦውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ጠበቀች። የወደብ አውቶቡስ ሲቆም በመስኮት አየች። ሄልዱር ወርዶ ወደ እሷ ቤት የሚያስገባውን መንገድ አንድ ጊዜ ተመለከተና ከኅብረት እርሻው ሊቀመንበር ጋር ወደ ሊቀመንበሩ ቤት ሄደ። ቀጭን ካፖርት ነበር የለበሰው። አልቪኔ መሐረቧን አሰረችና ወደ ክበቡ አመራች።

አንድ ጆሮዋ ስለማይሰማ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የጸሎት ቤቱ ሰዎች እንዲመጡ ስለታዘዙ መጥተው ከኋላ ተደርድረዋል፤ ፕሪዱ፣ ወጣቷ ማይሙና ሌሎችም። ጥግ ላይ ከአውራጃ የመጣ አንድ ሰውዬ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይጽፋል።

ሄልዱር ጥሩ ተናጋሪ ነበር። የአባቱን ድምፅ ነው የወረሰው። ስለ ከዋክብት ተናገረ፣ ወደ ጠፈር ስለ ወጣው ሰው ተናገረ፤ አልቪኔ አብዛኛውን ሳይገባት እንኳ ሲናገር ማየቱ ብቻ ደስ አላት። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጓዶች፣ ስለ ሩቅ ሰው አላወራላችሁም። እኔ ያደግኩት በእነዚህ ሰዎች እጅ ነው። ኤሊ የምትባል የአራት ዓመት እህት ነበረችኝ። ጉሮሮዋ ተዘግቶ ታመመች። እናቴ ሐኪም አልጠራችም። ‹እግዚአብሔር ካለ ያድናታል› ብላ ተንበርክካ ጸለየች። ሦስት ቀን። በሦስተኛው ቀን እህቴ ሞተች።»

 ከወዲያና ከወዲህ ሰዎች ወደ አልቪኔ ዘወር ማለት ጀመሩ። አንዳንዶቹ ሽማግሌዎች እግራቸውን እያዩ ቀሩ፤ የሆነውን ያውቁ ነበርና።

የሆነው ይህ ነው። ዩሃን ከተወሰደ በኋላ በመጣው ክረምት ኤሊ ስትታመም አልቪኔ ልጅቷን በፀጉር ቆዳ ጠቅልላ በእንጨት መንሸራተቻ ላይ አስተኝታ፣ በበረዶው ላይ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ከርድላ ከተማ ድረስ ጎትታ ወሰደቻት። ፈረሳቸውን ባለሥልጣናቱ ወርሰውባቸው ነበር። ከኋላ የገፋው ሄልዱር ነው። ሐኪሙ መድኃኒት አልነበረውም፤ ልጅቷ እጁ ላይ አለፈች። ሲመለሱም የገፋው ሄልዱር ነው።

ሊቀመንበሩ ተነሣና «እናት አልቪኔ እዚህ አሉ። የሚሉት ነገር ካለ መድረኩ ክፍት ነው» አለ። ትንሽ ፈገግ ብሎ ነበር።

አልቪኔ ቆመች። ልጇን አየችው። እሱ አላያትም፤ አውራ ጣቱ የወረቀቱን ጠርዝ እያጠፈ ይዘረጋ ነበር። «መንሸራተቻውን ከኋላ የገፋኸው አንተ አይደለህም ወይ?» ብትለው በቂ ነበር። ሽማግሌዎቹ ይመሰክራሉ፣ ጥግ ያለው ሰውዬ ይጽፋል፣ ሄልዱር እዚያው ያበቃለታል። ቃሉ አፏ ላይ ደረሰ። እዚያው አፏ ላይ ጣፈጣት፤ ልጇን ለመጣል ያላት ጉጉት ራሷን አስደነገጣት።

«ልጄ ነው» አለች። «ምንም የምለው የለኝም።» ቆም አለችና ጨመረች፤ «ራት አለ ቤት። ከመርከቡ በፊት ሊበላ ከፈለገ።»

ሳቅ አዳራሹን ሞላው። ከኋላ አንዱ «ለልጆቿ ሐኪም የላትም፣ ድንች ግን አላት!» ብሎ ጮኸ። ሄልዱር ወረቀቱን ሰብስቦ ወረደ። ለራት አልመጣም።

በማግሥቱ ከጸሎት በኋላ ፕሪዱ በር ላይ አስቆሟት።

«እህት አልቪኔ፣ ለምን ዝም አልሽ?»

«ልጄ ነው፣ ወንድም ፕሪዱ።»

«ልጅሽ መሆኑን አውቃለሁ። አባቱ እኔ ትከሻ ላይ ነው የሞተው። ግን ውሸቱ ያንቺ ብቻ አይደለም። ‹እነዚህ ሰዎች ልጆቻቸውን ይገድላሉ› ነው ያለው። አንቺ ዝም ስትዪ እኛ ሁላችን እሺ አልን።»

«እዚያ ሰው ሁሉ ፊት ላዋርደው አልቻልኩም።»

«አንቺ ይቅር አልሽው፣ ጥሩ። ዋጋውን ማን እንደሚከፍል እናያለን» አሉና ባርኔጣቸውን አደረጉ።

ዋጋው ለመምጣት አልዘገየም። ንግግሩ ከነኤሊ ስም በአውራጃው ጋዜጣ ወጣ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ኮሚቴ መጣ። ጸሎት ቤቱ ለሕፃናት አደገኛ ነው ተብሎ ታሸገ፤ አግዳሚዎቹ ወጥተው በዝናብ ውስጥ ተደረደሩ፤ በምትካቸው የማዳበሪያ ጆንያ ገባ። ኮሚቴው ወደ ማይሙም ቤት ሄደ። ሰባት ዓመት የሆናትን አውኔን «ማታ ማታ ምን ትያለሽ?» ብለው ጠየቋት፤ ልጅቷም አባታችን ሆይን አለችላቸው። በዚያው ሳምንት በባሕሩ ማዶ ወዳለ አዳሪ ትምህርት ቤት ወሰዷት። ማይሙ ከአውቶቡሱ ኋላ እስከ መገንጠያው ሮጠች ይባላል። አልቪኔ ይህን በረት ውስጥ ስትሰማ ባልዲውን አስቀምጣ ግድግዳ ያዘች። ኤልፍሪዴ እንኳ ያን ቀን አልቀለደችም።

ከዚያ ወዲያ አልቪኔ እንቅልፍ አጣች። ሄልዱርን መውደዷ ትክክል እንደነበር ታውቃለች። የዚያን ፍቅሯን ዋጋ ግን የሌላ ሰው ልጅ ከፈለች። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጋ ስትጸልይ ቃል ይጠፋባታል። በመጨረሻ ከሊቀመንበሩ የአንድ ቀን ፈቃድ ለምና፣ ዓሣና የሱፍ ካልሲ በከረጢት ይዛ፣ ከንጋት በኋላ በሚነሣው መርከብ ተሻገረች።

በሩን የከፈተችው ሕፃን የታቀፈች ቀጭን ወጣት ነበረች፤ የሄልዱር ሚስት ቲዩ።

«ማንን ፈልገው ነው?»

«የሄልዱር እናት ነኝ።»

ቲዩ ቀለሟ ተለወጠ፤ ሕፃኑንም ወደ ደረቷ አስጠጋችው፣ ሊነጥቃት የመጣ ሰው ያየች ይመስል። አልቪኔ ይህን አይታ ከበሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። «እዚሁ ደረጃው ላይ እጠብቀዋለሁ፣ ልጄ» አለች። እዚያው ተቀመጠች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቲዩ በሩን ከፈተችና ምንም ሳትል ወንበር አሳየቻት።

ሄልዱር ለምሳ ሲመጣ እናቱን አይቶ በሩ ላይ ቀረ። ሚስቱን ወደ ማእድ ቤት ላካት። የማእድ ቤቱ በር ግን ገርበብ እንዳለ ነበር።

«እማ፣ ማን ጠራሽ እዚህ?»

«ማንም። ያኔ ዝም ያልኩህ ሰው ፊት ስለነበርን ነው። አሁን ሁለታችን ነን። ኤሊን ሐኪም ከለከልኳት?»

ሄልዱር ሲጋራ ፈለገ፤ አገኘ፤ አልለኮሰም።

«ጽፈው ነው የሰጡኝ» አለ በመጨረሻ። «የሌላ ሴት ታሪክ ነበር፣ የሌላ አውራጃ። ‹የራስህ ብታደርገው ሰው ይነካል› አሉኝ። ስም ብቻ ነው የለወጥኩት።»

«የለወጥክበት ስም የእህትህ ነው።»

«ታዲያ ምን ልሁን? ወጥቼ ዋሽቻለሁ ልበል? ልጅ አለኝ እኮ! እኔ የእስረኛ ልጅ ተብዬ አድጌያለሁ፤ የእኔስ ምን ይባል? አንቺ ያኔ እምነትሽን ብትክጂ ኖሮ፣ ክጃለሁ የሚል አንድ ወረቀት ብትፈርሚ ኖሮ፣ እንደ ሰው እናድግ ነበር! ለእግዚአብሔርሽ ስትዪ እኔን ሸጥሽኝ!»

አልቪኔ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቷ ነበር። 

«እንደ ተጎዳህ አውቃለሁ» አለች። «ይህን ያህል መሆኑን ግን አላወቅኩም። ይቅር በለኝ።»

ሄልዱር ይህን አልጠበቀም ነበር። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ስለ እኔ አንድ ቃል እንድትል አልመጣሁም» አለች እናቱ። «ሰው የፈለገውን ይበለኝ። የማይሙ ልጅ ግን ሰባት ዓመቷ ነው፤ የማታውቃቸው ሰዎች መሀል ትተኛለች። አንድ መስመር ጻፍ። እውነት አልነበረም በል።»

«አልችልም።»

«አስብበት።»

«አልችልም አልኩሽ! ደግሞ ለእኔ መጸለይ ተዪ። ሰው ይሰማል። ‹እናቱ ትጸልይለታለች› እያሉ መሥሪያ ቤት ውስጥ ይስቁብኛል።»

«እሱን መተው አልችልም፣ ልጄ። ድምፅ እንዳላሰማ እጠነቀቃለሁ» አለችና ተነሣች። «አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ፤ አልጠላሁህም። በዚያ ምክንያት ከቤቴ እንዳትቀር።»

ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች። ቲዩ ደረጃው ላይ ሮጣ ደረሰችባት።

«እማማ! እውነት ነው? ኤሊን ሐኪም ጋ ወስደዋት ነበር?»

አልቪኔ የወጣቷን ፊት አየች። «እሱን ጠይቂው» አለቻት። «ከእኔ ከሰማሽው ባልሽን ከሰስኩብሽ ማለት ነው። ከራሱ ስሚው።»

ክረምቱ ገባ። ባሕሩ በረዶ ሆነ፤ መርከቡ ቆመ። የጸሎት ቤቱ ሰዎች ተራ በተራ በየቤቱ ተደብቀው መሰብሰብ ጀመሩ፤ ለአልቪኔ ግን የት እንደሚሆን የሚነግራት አልነበረም። አንድ ቀን ፕሪዱን መንገድ ላይ አገኘቻቸው። «ጠልተንሽ አይደለም» አሏት ዐይን ዐይኗን ሳያዩ። «ማይሙ አንቺን ስታይ ታለቅሳለች። ትንሽ ይቆይ።» ፍርዱ ከብዷት ነበር፤ አልተከራከረችም። እሁድ እሁድ ብቻዋን ቁጭ ብላ ዩሃን ያነብ የነበረውን አነበበች። ማገዶ ስትሰበስብ ግማሹን ማይሙ ደጃፍ ላይ ታስቀምጥ ነበር። ሁለት ጊዜ እንጨቱ እዚያው እንደተቀመጠ በረዶ ለበሰ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ተነሥቶ አገኘችው።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ መርከቡ መመላለስ በጀመረ በሳምንቱ፣ ሄልዱር ያንኑ ቀጭን ካፖርት ለብሶ ሻንጣ ይዞ በር ላይ ቆመ። ከስቶ ነበር።

«ጻፍኩት» አለ ሳይገባ። «ደስ አለሽ? ቲዩ ናት እንቅልፍ የነሣችኝ። እውነቱን ካልጻፍክ ይህን ልጅ አታቅፈውም አለችኝ። ጻፍኩ። ደብዳቤውን ፋይል ውስጥ ከተቱት፣ እኔን ከሥራ አወጡኝ፣ ቤቱንም ቀሙን። እሷ ወላጆቿ ጋ ናት። እኔን የሚቀጥር የለም።»

«ግባ፣ ብርድ ነው» አለች አልቪኔ። ደስ አላላትም። የዛለ እጁን፣ ያልተላጨ ጉንጩን፣ የቀላውን ዐይኑን ስታይ ልቧ ተሰበረ።

ሊቀመንበሩ «አሁን የእናትህን እግዚአብሔር ለምነው» ብሎ እየሳቀ የማሞቂያ ቤት ድንጋይ ከሰል እንዲያመላልስ ቀጠረው። ማታ ማታ ጥላሸት ለብሶ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል። አያመሰግንም። የሚያጽናናው ነገር ቢኖር ከቲዩ በየሁለት ሳምንቱ የሚመጣው ደብዳቤ ብቻ ነበር። ጠዋት እናቱ ለጸሎት ስትንበረከክ ጫማውን አጥልቆ ወደ ውጭ ይወጣና ብርዱ ውስጥ ቆሞ ያጨሳል። አልቪኔ ይህን አራት ቀን አየች። በአምስተኛው ቀን ተነሥታ ወደ ማገዶ ቤቱ ሄደች፤ ከዚያም ወዲህ እዚያ እንጨቱ መሀል ተንበርክካ ትጸልይ ጀመር፣ እሱ ሙቀት ውስጥ ይቀመጥ ብላ።

በሰኔ መጀመሪያ አውኔ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ለምን እንደ መለሷት ማንም አልነገራቸውም። ደብዳቤው ይሁን፣ አዳሪ ቤቱ ሞልቶ ይሁን፣ ማንም አላወቀም። ልጅቷ አድጋ ነበር፤ ሲያናግሯትም ቶሎ አትመልስም። ጸሎት ቤቱ ግን አልተመለሰም፤ አሁንም የማዳበሪያ ሽታ ከመስኮቱ ይወጣል። አልቪኔን ግን ማይሙ ራሷ መጥታ «እሁድ እኛ ጋ ነው» አለቻት። ልጇን አልጠራችውም።

ከዚያ በኋላ በነበረው ሳምንት አንድ ጠዋት ሄልዱር ማገዶ ቤቱ በር ላይ መጥቶ ቆመ። እናቱ ከጉልበቷ ለመነሣት ግድግዳውን ይዛ ስትታገል አያት።

«ጉልበትሽ እዚህ ርጥበት ላይ ይበላሻል» አለ። «ቤት ውስጥ ሁኚ። እኔ አልወጣም።»

«አያስጠላህም?»

«ያስጠላኛል» አለ። «ግን አልወጣም።» ክንዷን ይዞ አስነሣት።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ለማንም ሳይነግር ፊቱን ታጥቦ ወጣ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲመለስ አልቪኔ ድንች እየላጠች ነበር። ባርኔጣውን ሳያወልቅ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ፕሪዱ ጋ ሄጄ ነበር» አለ።

ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«መረብ ይጠግኑ ነበር። ‹ስለ ኤሊ የተናገርኩት ውሸት ነው፣ ስለ እናንተም የተናገርኩት ውሸት ነው› አልኳቸው። ‹አውቃለሁ› አሉኝ። ይቅር በሉኝ አልኳቸው።  መረቡን እስኪጨርሱ ቆሜ ጠበቅኩ።»

«እና?»

«‹ዛሬ አልችልም› አሉኝ። ‹እችላለሁ ብዬ ብዋሽህ ከአንተ በምን እሻላለሁ? ሌላ ቀን ና› አሉኝ።»

አልቪኔ እጇን በሽርጧ ጠረገች። ስምንት ዓመት ሳይቤሪያ የከረሙትን፣ ባሏን የተሸከሙትን አዛውንት አሰበች፤ ሊፈረድባቸው እንደማይችል አወቀች። ልጇንም አየችው፤ ከሥራ የቀረው ጥላሸት ከጆሮው ኋላ ሳይታጠብ ቀርቷል።

«ትሄዳለህ?»

«አላውቅም» አለ ሄልዱር። «እሳቸው ሌላም ቀን ባይችሉስ?»

«እሱን እኔም አላውቅም።»

አልቪኔ የቀረውን ድንች ልጣ ቀቀለች። ዝናብ ጀምሮ ነበር። አልቪኔ ሰሃኑን ፊቱ አስቀመጠችለት፤ በሆዷ አጭር ጸሎት አደረሰች፣ ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ። ሄልዱር እስክትጨርስ ማንኪያውን ሳያነሣ ጠበቃት፤ ከዚያ በዝግታ መብላት ጀመረ።